ላዩን በቀለም፣ ውስጡን ለቄስ

ጀርባቸው የጎበጠ፣ ሞተራቸው ከኋላ የተቀመጠ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚለይ አሮጌ ቮልስዋገን መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሲመላለሱ ያላየ ከእናንተ መካከል ይኖራል ብለን አንገምትም። ይህች የመኪና ዓይነት በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ ወጥታለች። በአገራችን ከሚገኙት ብዙዎቹ ግን ከዚያ እጅግ ቀደም ብለው የተሠሩ በመሆናቸው ከአንባብያችን ብቻ ሳይሆን ከአንዳንዶቻችሁ ወላጆችም በዕድሜ ይበልጣሉ። እስከ ዛሬ መንቀሳቀሳቸው የአሠራራቸውን ቀላልነት ብቻ ሳይሆን የጋራዥ ባለሙያዎቻችንን ብልሃት ጭምር ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ የእነዚህ መኪኖች ዕድሜ የሚለካው በሞተራቸው አይደለም። ሞተር ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይታደሳል። መኪናዋን ለዘለቄታው ከመንገድ የሚያስወጣት ማንም የማያየው ወለሏና ከበሮቿ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚዘልቀው ሣጥን መሰል ባዶ ብረት ነው። ይህን ብረት በዚህ ጽሑፍ «ደፍ» እያልን እንጠራዋለን። ስለ እነዚህ ሁለት ክፍሎች ጥገና ያለን አቋም አጭር ነው፦ ዝገትን መሸፈን ጥገና አይደለም። የወለልም ሆነ የደፍ ጥገና ከመሸፈኑ በፊት ባለቤቱ በዓይኑ ሊያየው ይገባል።

ለዚህ አቋም መነሻ የሆነን ከመካከላችን የአንዱ ገጠመኝ ነው። ባልደረባችን ከአባቱ የወረሳት ቮልስ ወለሏ ስለተበሳ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲረከባት አዲስ ትመስል ነበር። ቀለሟ ያበራል፣ ወለሏ በጥቁር ሬንጅ ተለብጧል፣ ምንጣፏም ተቀይሯል። ሁለት ክረምት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ክረምት አንድ ቀን ጠዋት ልጁን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ፍሬን በያዘበት ቅጽበት የተቀመጠበት ወንበር ከነሐዲዱ ወደ አንድ ጎን ሰመጠና እግሩ ከፍሬኑ ላይ ተንሸራተተ። መኪናዋ በዝግታ ትሄድ ስለነበር እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። ምንጣፉ ሲገለጥ አዲሱ ላሜራ በአሮጌው ዝገት ላይ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ተበይዶ፣ ጠርዙ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ላዩም በሬንጅ ተሸፍኖ ተገኘ። ከሥሩ የነበረው ብረት በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈር ነበር።

ይህን የምናነሣው ጋራዡን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። ባልደረባችን ራሱ እንደሚያምነው፣ መኪናዋን ሲያስረክብ የጠየቀው ሁለት ነገር ነበር፦ ቶሎ እንድትደርስለትና ቀለሟ እንዲያምር። የጠየቀውንም አገኘ። ስለ ወለሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። አበው «ውስጡን ለቄስ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ዝገት እንዴት ይሠራል?

ብዙዎቻችን ዝገትን በብረት ላይ እንደሚያርፍ ቆሻሻ አድርገን እንመለከተዋለን። ቆሻሻ ከሆነ ይጠረጋል፣ ካልተጠረገም በቀለም ይሸፈናል። ኬሚስትሪ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው። ዝገት የሚፈጠረው ብረት ከውኃና ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ሲሆን፣ ሂደቱም እንደ አንዲት ጥቃቅን ባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮ ኬሚካዊ ሂደት ነው። በአንደኛው ቦታ፣ ማለትም በአኖዱ፣ የብረት አቶሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ትተው ወደ ውኃው ይሟሟሉ። በሌላው ቦታ፣ ማለትም በካቶዱ፣ ኦክሲጅንና ውኃ እነዚያን ኤሌክትሮኖች ይቀበላሉ። ኤሌክትሮኖቹ የሚጓዙት በራሱ በብረቱ ውስጥ ነው። ውኃው ጨው ወይም አሲድ ካለበት ደግሞ ኤሌክትሪክን በተሻለ ስለሚያስተላልፍ ሂደቱ ይፋጠናል።

እንግሊዛዊው የዝገት ተመራማሪ ዩሊክ ኢቫንስ (1889–1980 እ.ኤ.አ.) ይህን በአንዲት የውኃ ጠብታ አሳይቷል። ሙከራውን በመምህራችሁ ክትትል በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ልትደግሙት ትችላላችሁ። ጥቂት የገበታ ጨው በውኃ ይሟሟና ትንሽ ፖታሺየም ፌሪሲያናይድና ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ይጨመርበታል። ከዚያም ከዚህ ፈሳሽ አንዲት ጠብታ በደንብ በተጸዳ ብረት ላይ ይደረጋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጠብታዋ ጠርዝ ሐምራዊ መልክ ሲይዝ መካከሏ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ብረት እየሟሟ ያለበትን፣ ሐምራዊው ደግሞ ኦክሲጅን ኤሌክትሮን እየተቀበለ ያለበትን ቦታ ያመለክታል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንሻለን። በጠብታዋ ጠርዝ አየር ቅርብ በመሆኑ ኦክሲጅን በብዛት አለ፤ በመካከሏ ግን ያንሳል። ብረቱ የሚበላው ኦክሲጅን በበዛበት ጠርዝ ሳይሆን ባነሰበት መካከል ነው። እንግዲህ በመኪና ወለል ሥር የተጋገረ ጭቃ፣ እርጥብ ምንጣፍ፣ ወይም በዝገት ላይ የተለጠፈ ላሜራ የሚፈጥረው ይህንኑ ሁኔታ ነው። ውኃው በሁለቱ ብረቶች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ይሳብና ሳይደርቅ ይሰነብታል፤ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ኦክሲጅን ከውጭው ያነሰ ስለሚሆንም ውስጡ አኖድ ይሆናል። ስለዚህ ዝገትን የሸፈነ ሰው ዝገቱን አላስቆመውም፤ የሚሠራበትን ምቹ ቤት ሠራለት እንጂ።

ሌላም ነገር አለ። የአሉሚኒየም ድስት ለዓመታት በውኃና በእሳት መካከል እየኖረ የማይበሳው በላዩ የሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ንጣፍ አጥብቆ ስለሚይዝና ከሥሩ ያለውን ብረት ስለሚጠብቅ ነው። የብረት ዝገት ግን ስፖንጅ መሰል ነው። ውኃና አየር ያሳልፋል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ከብረቱም የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ እያበጠ የተቀባውን ቀለም ከሥሩ ይፈነቅላል። ቀለም በዝገት ላይ ሲቀባ የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን የሚፈረፈረውን ዱቄት ነው።

የቮልስ ወለል ለምን ይበሰብሳል?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ አካባቢዎች በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን አሮጌ መኪኖች በፍጥነት ይዝጋሉ። እኛ ጋ ይህ የለም፤ የአዲስ አበባ አየርም ከባሕር የራቀና ለብዙ ወራት ደረቅ ነው። ታዲያ የእኛዎቹ ቮልሶች ወለላቸውን ምን በላው?

አንደኛው መልስ ከኋላ ወንበር ሥር ይገኛል። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው በዚያ በቀኝ በኩል፣ በቀጥታ በወለሉ ላይ ነው። በባትሪው ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ሲፈስ ወይም ሲተንን ቀለሙን ያጠፋና ላሜራውን ይበላል። ሁለተኛው ከላይ የሚገባ ውኃ ነው። የመስኮትና የበር ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ የክረምት ዝናብ ወደ ውስጥ ይገባና ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ሦስተኛው በመኪናዋ አካልና በወለሏ መካከል ያለው ማሸጊያ ማርጀቱ ነው። አራተኛው ከሥር የሚለጠፈውና እስከ መስከረም የማይደርቀው ጭቃ ነው።

የደፉ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። በቮልስ ላይ ደፉ የሙቀት መተላለፊያም ነው። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ሞቃቱ አየር ከኋላ ተነሥቶ በደፉ ባዶ ሆድ ውስጥ አልፎ ወደ ፊት ይመጣል። ባዶ የሆነ ነገር ሁሉ እርጥበት ይሰበስባል፤ ይህም ባዶ ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። ከውጭ ቀለሙ ላይ አንዲት ትንሽ እብጠት በታየች ጊዜ ውስጡ ቀድሞ አልቋል ማለት ይቻላል።

ደፍ ጌጥ አይደለም

አንዳንድ ሰዎች ወለልንና ደፍን እንደ መከላከያና እንደ ኮፈን የመኪናዋ ልብስ አድርገው ይቆጥሯቸዋል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። የቮልስ ሻንሲ በመካከል እንደ አከርካሪ ከሚያልፍ የብረት ቦይና በግራና በቀኝ ከተበየዱለት የወለል ላሜራዎች የተሠራ ነው። የመኪናዋ አካል ዙሪያውን በብሎን የሚታሰረው በዚሁ ወለል ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ ብሎኖቹን የሚይዘው ደፉ ነው። ወንበሩ የቆመው በወለሉ ላይ ነው፤ ክሪክ የሚገባበትም ቦታ ከዚሁ ወለል ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ወለልና ደፍ ሲበሰብሱ የሚላላው አጥንቱ ነው።

ደፉ ለምን ባዶ ሣጥን ሆኖ እንደተሠራ ለማወቅ አንድ ወረቀት ይበቃል። አንድ ወረቀት ጠቅልላችሁ ጠርዙን በማጣበቂያ በመዝጋት ቱቦ ሥሩ፤ በሁለት እጃችሁም ጠምዝዙት፤ ይቋቋማችኋል። አሁን ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመቀስ ሰንጥቃችሁ እንደገና ጠምዝዙት። ወረቀቱ ያው ነው፤ ክብደቱም አልተለወጠም፤ ጥንካሬው ግን የለም። የምህንድስና ተማሪዎች ይህን በስሌት ያውቁታል። በንድፈ ሐሳብ የተዘጋ ክብ ቱቦ ጥምዘዛን የመቋቋም አቅም ከተሰነጠቀው ጋር ሲነጻጸር የራዲየሱና የውፍረቱ ንጻሬ በራሱ ተባዝቶ በ3 ሲባዛ የሚገኘውን ያህል ይበልጣል። ራዲየሱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቱቦ ይህ 4800 እጥፍ ነው። እርግጥ የመኪና ደፍ ክብ ቱቦ አይደለም፤ ዝገትም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ መቀስ አይሰነጥቅም። መሠረተ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ሣጥን ጥንካሬውን የሚያገኘው ዙሪያውን የተዘጋ በመሆኑ ነው። ስቱኮ ቀዳዳን ለዓይን ይዘጋል እንጂ ኃይልን ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው አያሸጋግርም።

ትክክለኛ ጥገና ምን ይመስላል?

ይህን ሁሉ ካወቅን የጥገናው ቅደም ተከተል ከሳይንሱ በራሱ ይወጣል። መጀመሪያ ምክንያቱ ይወገዳል፦ የሚያፈሰው ጎማ ይቀየራል፣ ባትሪው ይወርዳል፣ አሲድ የነካው ቦታ በውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ ይደርቃል። ቀጥሎ ባለሙያው ብረቱን በትንሽ መዶሻ እየመታ ያዳምጣል። ደህናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ይህ የአረጁ ባለሙያዎች ዘዴ ዛሬም የሚናቅ አይደለም።

ከዚያ የበሰበሰው ሁሉ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል። ደፍ ከመቆረጡ በፊት ግን የበሩ ክፍተት በብረት ዘንግ ተወጥሮ መያዝ አለበት፤ የሚሠራውም በአንድ ጊዜ አንዱ ጎን ብቻ ነው። ያለዚያ የመኪናዋ አካል ይሰጥምና በሩ ዳግመኛ በትክክል አይዘጋም። ከመበየዱ በፊት የነዳጅ ነገር አይዘነጋ። የቮልስ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ከፊት ሲሆን የነዳጁ ቱቦ በመካከለኛው ቦይ ውስጥ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። የዚህን ቱቦ መንገድ ሳያውቁ በወለሉ ላይ እሳት ማንሣት ሕይወትን ያስከፍላል። አዲሱ ላሜራ ከደህናው ብረት ጋር ዙሪያውን ይበየዳል፤ ብየዳው ግን በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን እያፈራረቁና እያቀዘቀዙ ነው፤ ስስ ላሜራ በሙቀት ይጣመማልና።

ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠው በከንቱ አይደለም። የዚንክ መደበኛ ኤሌክትሮድ ፖቴንሽያል -0.76 ቮልት፣ የብረት ደግሞ -0.44 ቮልት በመሆኑ ሁለቱ ተገናኝተው ውኃ ሲያገኛቸው ዚንኩ ራሱን አሳልፎ እየሰጠ ብረቱን ይጠብቃል። በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ለወለል ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። የጣራ ቆርቆሮ ግን እጅግ ስስ ስለሆነ ለወለል አይሆንም። በሚበየድበት ቦታ ዚንኩ አስቀድሞ ይፋቅ፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ለበያጁ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣበታልና። በመጨረሻም ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባል፣ መጋጠሚያው ይታሸጋል፣ የደፉ ሆድ በሰም ይረጫል፤ ውኃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎችም ክፍት ሆነው ይተዋሉ።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?»

ይህን የሚያነብ የመኪና ባለቤት «እናንተ የምትሉት መልካም ነው፤ ግን ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ቢለን አንፈርድበትም። መቁረጥና መበየድ ከመለጠፍ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ባልደረባችን የመጀመሪያውን ክፍያ ሲከፍል ከገንዘቡ አብዛኛው የዋለው ለቀለሙ ነበር። አቅም ሲያንስ መቅረት ያለበት ቀለሙ ነው። አንዱን ጎን ዘንድሮ በደንብ አሠርቶ ሌላውን ለከርሞ ማቆየት ሁለቱንም በስቱኮ ከመሸፈን ይሻላል። ያልተቀባና የማያምር፣ ግን የጸና ብየዳ አያሳፍርም።

ሌሎች ደግሞ «አሮጌ መኪና ተጥሎ አዲስ ይገዛ» ይላሉ። ይህም ለሁሉም የሚቻል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ የሚታወስ ነው። ዓላማው መልካም ቢሆንም በእጃችን ያሉት መኪኖች በአንድ ጀምበር አይጠፉም። ብዙ ቤተሰብ ገና ለዓመታት ይሳፈርባቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው አሮጌ መኪና ይኑር ወይስ አይኑር ሳይሆን፣ ያለው መኪና የሚያሳፍራቸውን ሰዎች በደህና ይዟቸዋል ወይ የሚለው ነው።

ከዚህ አንጻር ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ባለቤቶች ቀለም ከመቀባቱ በፊት ጋራዥ ሄደው «ከመሸፈኑ በፊት አሳየኝ» ይበሉ፤ ይህ ባለሙያውን መጠራጠር ሳይሆን ለሥራው ክብር መስጠት ነው። የጋራዥ ባለሙያዎች ደግሞ የተቆረጠውን ዝገትና የተበየደውን ስፍራ ለባለቤቱ የማሳየት ልማድ ያድርጉ፤ ጥሩ የሠራ ሰው ሥራው ቢታይለት ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጽፉት የአኖድና የካቶድ ቀመር ከግቢያችሁ በር ወጣ ብሎ ባለው ጋራዥ በየቀኑ እየሠራ መሆኑን አትርሱ። ሄዳችሁ እዩ፣ ጠይቁ። እናንተ የምታውቁትን «ለምን» ባለሙያው ላያውቀው ይችላል፤ እርሱ የሚያውቀውን «እንዴት» ግን እናንተ በእርግጥ አታውቁትም።

የባልደረባችን ቮልስ በኋላ ወደ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ተወሰደች። ሥራው በአንድ ጎን አንድ ወር ያህል ፈጀ። ሽማግሌው በየሳምንቱ ስልክ እየደወሉ «ና፣ ሳልዘጋው እየው» ይሉት ነበር። ዛሬ መኪናዋ በአንድ በኩል ቀለሟ የተለያየ ነው፤ የአላፊ አግዳሚውንም ዓይን አትስብም። ልጁ ግን አሁንም ከኋላ ተቀምጦ ትምህርት ቤት ይሄድባታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ረጋ ብለው የታጠቁት ግን፣ ቢያንስ ለብዙ ክረምት፣ ይጸናል እንላለን።